ጋምቤላ የደረሰው ቅቤ

የዩኒቨርሲቲ ምደባ በወጣ ማግስት ጎጃም ውስጥ የማይመክር ሰው አይገኝም። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር የደረሰው ልጅ «አንተማ እዚሁ ነህ» ተብሎ ይታለፋል፤ ጋምቤላ ወይም ሰመራ የደረሰው ግን ዘመድ ይሰበሰብለታል። ሙክት ይታረዳል፣ ጠላ ይጠመቃል፣ የዩኒቨርሲቲ በር ረግጦ የማያውቅ አጎት «እኔን ስማኝ!» ብሎ ይጀምራል። የድግሱ ወጪ ለ10 ወር ቢካፈል የልጁን ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒና የሞባይል ካርድ በቻለ ነበር። ምን ይደረግ፣ ጎረቤት ጠርቶ ሳሙና ማቅረብ ነውር ነው።

የዩኒቨርሲቲው የጥሪ ማስታወቂያ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፦ የ8ኛ ክፍል ካርድ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕት፣ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ዋናውና ኮፒው፣ 3 በ4 ጉርድ ፎቶ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ። ቤተሰቡ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ድርቆሽ ማስጣት ይጀምራል። ስም የሚያመሳክር ግን የለም። «ይበልጣል» በላቲን ፊደል ካርዱ ላይ በ«አይ»፣ ፋይዳ መታወቂያው ላይ በ«ዋይ» ከተጻፈ፣ ሬጅስትራሩ መስኮት ላይ ሁለት ይበልጣሎች ይቆማሉ፤ አንዳቸውም አይመዘገቡም። ካርዱ ላይ ያለውን የሚያርመው የሰጠው አካል ነውና፣ ልጁ አገሩ ሳለ ሄዶ ያስተካክል። ኮፒውንም እዚሁ ሦስት ሦስት ያንሳ፤ በምዝገባ ሰሞን ግቢ በር ላይ ያለው ኮፒ ቤት ሰልፉም ዋጋውም ሌላ ነው፣ መብራትም የሚጠፋው ያን ቀን ነው።

ሻንጣው ሌላ ጉድ ነው። ታፍኖ ከተዘጋ በኋላ፣ አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ ሳለ እናት አንድ ፌስታል ይዘው ይደርሳሉ።

«እመዬ፣ ምንድን ነው ደግሞ?»

«ዝም በል! ለጋ ቅቤ ናት፤ ትንሽ ናት።»

ትንሿ ሁለት ኪሎ ናት። ፖርቶ መጋላ ላይ ፀሐይ እየጠበሳት ትወጣለች። ከደጀን አፋፍ እስከ ዓባይ ድልድይ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሙቀቱም ቁልቁለቱን ተከትሎ ይጨምራል። ቅቤው ቀልጦ መጀመሪያ አንሶላውን፣ ቀጥሎ የ8ኛ ክፍል ካርዱን ያጠግባል፤ ጎሐ ጽዮን ሲወጡ ደግሞ እዚያው ማኅተሙ ላይ ይረጋል። ቅቤ ግድ ከሆነ ነጥሮ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ብልቃጥ ሆኖ፣ በሁለት ፌስታል ታስሮ ለብቻው ይሂድ። ማስረጃው በፕላስቲክ ፋይል ሆኖ ከልጁ እጅ አይለይ።

ድርቆሹም ሳይደርቅ፣ ወይም ከፀሐይ ተነሥቶ እንደሞቀ ከታሸገ ላቡን ያወጣና ይሻግታል። በሶው አይበላሽም፤ የሱ ጠላት የዶርም ልጆች ናቸው። እናት 5 ኪሎ ሲፈጩ ለሴሚስተር ይበቃል ብለው ነው። ዶርም ውስጥ 6 ልጅ አለ እንበል፤ እያንዳንዱ ማታ ማታ 50 ግራም ቢበጠብጥ በቀን 300 ግራም ነው፣ 5 ኪሎው በ17ኛው ቀን ድምጥማጡ ይጠፋል። ደብቆ መብላት ደግሞ የጎጃም ልጅ አይሆንለትም፤ ቢሆንለትም ሎከሩ የራሱን ቁልፍ ይፈልጋል፣ ቁልፍ ደግሞ ማንም አልገዛለትም። ቡሉኮውን ለደባርቅና ለደብረ ብርሃን ተማሪ መተው ነው። ጋምቤላ የሚሄደው አጎበር ይያዝ።

ገንዘቡ ላይ ዘመድ ሁሉ «ለስንቅ» እያለ በኪሱ ይወሽቅለታል፤ ልጁም በመጀመሪያው ወር ጫማና የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ በሁለተኛው ወር «አባዬ፣ ሀንድአውት ተወደደ» ብሎ ይደውላል። ገንዘቡ ቤት ተይዞ፣ በየወሩ በባንክ ወይም በቴሌብር ቢላክለት ሀንድአውቱም ይረክሳል። ለመጀመሪያው ሁለት ሳምንት ግን ጥሬ ብር ይያዝ፤ የግቢው ኤቲኤም ወይ ብር የለውም ወይ ኔትወርክ።

ከሁሉ የሚያስቀው የወጪ መጋራቱ ውል ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ማንም ሳያነብ ይፈርማል። ምግቡን በካፌ ወይስ በጥሬ ገንዘብ ይላል፤ ፍሬሹ «ነን-ካፌ» የሚለው አራዳነት መስሎት ገንዘቡን ይመርጣል። ብሩ ዘግይቶ ይመጣል፣ ረሃብ ግን በሰዓቱ ነው። አባት ደግሞ «መንግሥት በነፃ እያስተማረልኝ ነው» እያሉ ማኅበር ላይ ይኩራራሉ። ደንቡ የሚለው ግን ተማሪው ከትምህርት ወጪው ቢያንስ 15 በመቶ፣ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉውን ይሸፍናል፣ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ ይከፍላል ነው። ይህን ሲሰሙ አባት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ይጠይቃሉ፦

«ታዲያ የበላውን የሚከፍል ከሆነ፣ ምስሩን ለምን ያቀጥኑበታል?»