መኪናዋ ምን ሆነች እንላለን፤ ባለቤቷስ?

ባሕር ዳር ውስጥ ወንዶች የልባቸውን ሲያወሩ መስማት የፈለገ ሰው ጋራዥ ይሂድ። ካፌ ውስጥ ስለ ኳስ ነው የሚወራው። ስለ ፖለቲካም ይወራል፣ ያውም ግራ ቀኝ እየታየ። ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ይከፈትና ሁሉም ዝም ይላል። ጋራዥ ግን ሌላ ነው። ኮፈኑ ተነስቶ፣ ሁሉም ሞተሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ ማንም የማንንም ዓይን ሳያይ፣ አንዱ ድንገት "እንቅልፍ ከጠፋኝ ወር ሆነኝ እኮ" ይላል። ሌላው ካቻቢቴውን ሳያስቀምጥ "ኧረ ምን ሆነህ?" ይላል። ወሬው ከዚያ ይቀጥላል።

ይህን የምለው በየዓመቱ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲመጣ ስለምናደድ ነው። ቀኑ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ኦክቶበር 10 ላይ ይከበራል። በእኛ መስከረም 30 አካባቢ መሆኑ ነው። እኛ ጋ ሲከበር ባነር ይሰቀላል፣ የሆቴል አዳራሽ ይያዛል፣ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል፣ ሻይ በኩኪስ ይቀርባል። አዳራሹን የሚሞሉት ደግሞ ጉዳዩን ቀድመው የሚያውቁ የጤና ባለሙያዎችና የቢሮ ሰዎች ናቸው። ምክሩ የሚያስፈልገው ሰው በዚያ ሰዓት ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነው።

ሐሳቤ አጭር ነው። የአእምሮ ጤና ትምህርት የመኪና ወዳጆች ወዳሉበት ይሂድ።

የመኪና ወዳጅ ስል ውድ መኪና ያለውን ሰው ብቻ ማለቴ አይደለም። አሮጌዋን ዲኤክስ እንደ ልጁ የሚያሳድገው መምህር አለ። ቮልሱን አልሸጥም ብሎ ከቤተሰቡ ጋር የተጣላው ጡረተኛ አለ። ባጃጁን በመብራትና በጥቅስ ያሸበረቀው ጎረምሳ፣ ዶልፊኑን በየማለዳው በጨርቅ የሚወለውለው ቅጥር ሹፌር፣ ሥራ ባይኖረውም ጎሚስታው ቤት የማይጠፋው ሰውዬ፣ ሁሉም አሉበት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ስለዚህ ያለችውን አሮጌ መኪና ጠግኖ ማቆየት ግድ ሆኗል። ዕቃ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል። በዚያ ሁሉ ጥበቃ መሃል የሚወራው ብዙ ነው።

እነዚህ ሰዎች ጥሩ አድማጮች መሆናቸው አንድ ነገር ነው። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ዓይናቸው ነው። ከሐኪምም ከሚስትም ቀድመው ሊያዩት የሚችሉት ነገር አለ።

የድብርት ሕመም ሁለት ዋና ምልክቶች አሉት። አንዱ ዝቅ ያለ ስሜት ነው። ሁለተኛው ሰው ይወደው ከነበረው ነገር ደስታ ማጣቱ ነው። እነዚህ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን ሙሉ በሚባል ደረጃ ሲቆዩ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ዝቅ ያለ ስሜትን ወንዶች ይደብቁታል። "ደክሞኝ ነው" ይላሉ፣ ወይ ይቆጣሉ፣ ወይ ይጠጣሉ። ሁለተኛውን መደበቅ ግን ከባድ ነው፣ በተለይ ደስታህ ከቤትህ ደጅ የምትቆም መኪና ከሆነች።

እስቲ አስቡት። በየእሑዱ ጠዋት መኪናውን ራሱ የሚያጥብ ሰው ነበር። ላቫጆ እንኳ አያምንም፣ "ይቧጭሩብኛል" ይላል። አሁን የአዴት መንገድ ጭቃ በሩ ላይ ደርቆ ሳምንታት አልፈዋል። የኋላ መብራቱ ተሰብሯል፣ ግድ አላለውም። ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ አልፏል። ድሮ የቺንጊያ ድምፅ ከሩቅ የሚለይ ሰው ዛሬ ሞተሩ እየጮኸ ይነዳል። ወይም ደግሞ ጭምት የነበረው ሹፌር በድንገት አደገኛ ሆኗል፤ ከርቭ ላይ ይቀድማል፣ ጠጥቶ ይይዛል። ጓደኞቹ ይህን ሁሉ ያያሉ። ምን ይላሉ? "መኪናዋን ገደልካት እኮ!" ይሉታል። ይስቃሉ። ስለ መኪናዋ ይጠይቃሉ፣ ስለ እሱ አይጠይቁም።

አንድ ምልክት ደግሞ አለ፣ ቀለል አድርገን የምናልፈው። በሕይወቱ ተስፋ የቆረጠ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚወደውን ንብረት መስጠት ይጀምራል። ስንት ዓመት የለፋበትን መኪና "ውሰዳት፣ ከእንግዲህ ለኔ ምን ታደርግልኛለች" ካለ፣ ገዢ ከመፈለግ በፊት አጠገቡ ቁጭ ማለት ይሻላል። እርግጥ ብዙ ሰው በዚህ ኑሮ መኪናውን የሚሸጠው ብር ቸግሮት ነው። ዕዳ ሊሆን ይችላል፣ የልጅ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ግን የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ሲጠየቅ ነው።

እንዴት ይጠየቃል? ብዙዎች "ስለ መሞት ካነሳሁበት ሐሳቡን እሰጠዋለሁ" ብለው ይፈራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በተደጋጋሚ እንዳስረዳው ነገሩ እንዲህ አይደለም። ራስን ስለ ማጥፋት አስበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ የሰውየውን ጭንቀት ያቀልላል። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም። በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት አብሮ መሄድ ነው። መካሪ መስሎ "አንተን የመሰለ ወንድ!" ማለት ግን ይቅር። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" የሚለው ትምህርት ያመጣውን እያየን ነው። በድርጅቱ አኃዝ መሠረት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ720,000 በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። በወንዶች ዘንድ መጠኑ ከሴቶች እጥፍ በላይ ነው።

ተራ ሰው አሠልጥኖ የሌላውን ጭንቀት እንዲሰማ ማድረግ የኔ ግኝት አይደለም። ሐራሬ፣ ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ሥራ ጀመረ። በአገሩ የአእምሮ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ የሰፈር እናቶችን፣ አያቶችን አሠለጠነ። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር አስቀመጠ። የተጨነቀ ሰው መጥቶ ከአንዲት አያት ጋር ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ችግሩን ለመፍታት አንድ እርምጃ አብረው ያስባሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ከአያቶቹ ጋር የተቀመጡት ሰዎች የጭንቀትና የድብርት ምልክት ከስድስት ወር በኋላ ከሌሎቹ በግልጽ ያነሰ ነበር። ጥናቱ ውስጥ ከገቡት መካከል አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ወንዶቹን እዚያ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ይከብዳል። የእኛዎቹን ደግሞ አስቡት። እኛ ግን ወንዶቹ ራሳቸው የሚሰበሰቡበት ቦታ አለን፤ አያቱ ደግሞ እጁ በግራሶ የጠቆረው ጋሼ መካኒኩ ነው።

አውስትራሊያ ውስጥም በሞተር ሳይክል የሆነ ነገር አለ። ማርክ ሃዋ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲድኒ ላይ የጀመረው ጉዞ ነው። ሞተረኞች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው፣ የድሮ ዘይቤ ባላቸው ሞተሮች በየከተማው ይወጣሉ። ለፕሮስቴት ካንሰርና ለወንዶች የአእምሮ ጤና ገንዘብ ያሰባስባሉ። ደስ ይላል። ግን ይህን እዚህ ብንቀዳው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። በ2016 ዓ.ም. ግንቦት የተመረቀው የዓባይ ድልድይ ላይ ኮንቮይ ይወጣል፣ ክላክስ ይጮኻል፣ ቪዲዮ ይቀረጻል። በማግስቱ ሁሉም ወደ ቤቱ። የሠርግ አጀብ ለከተማው ይበቃዋል። በነዳጅ ሰልፍ የሚያድር ሕዝብ ፊት በሰልፍ ነዳጅ ማቃጠልም አያምርም።

ሌላም የማይጥመኝ ነገር አለ። "አእምሮ እንደ ሞተር ነው፣ ሰርቪስ ይፈልጋል" የሚል መፈክር እንደሚመጣ ይታየኛል። ይቅርብን። ሞተር ይወርዳል፣ ይቀየራል፣ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። የታመመ ሰው ይህን ሲሰማ ምን ይላል?

በየጋራዡ መሠራት ያለበት ጸጥ ያለ ነገር ነው። ሰዎች የሚሰሙት መካኒክ ሁሌም አለ። መኪናቸውን ብቻ ሳይሆን ምስጢራቸውንም ይዘው የሚሄዱለት። እሱን፣ ከጎሚስታውና ከላቫጆ ቤቱ ባለቤት ጋር፣ ግማሽ ቀን ማሠልጠን ይቻላል። ሐኪም ይሁኑ አይደለም። ምልክቱን ይወቁ፣ መጠየቅ ይልመዱ፣ የሰሙትን ለሌላ ደንበኛ አያውሩ፣ የት እንደሚልኩ ይወቁ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። "ሕክምና ሂድ" ማለት ቀላል ነው፤ የት? ብዙ ሰው አማኑኤል ሆስፒታል ያለው አዲስ አበባ መሆኑን ብቻ ነው የሚያውቀው። እዚሁ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዳለ የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው አለ ብል ማንም አይከራከረኝም። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ ዱዓ የሚያስደርግም ያስደርግ። መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ። የድብርት መድኃኒት ለውጡ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ በአምስተኛው ቀን "አልሠራልኝም" ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው።

ለሹፌር ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለ። አንዳንዱ መድኃኒት እንቅልፍ ያመጣል። ስለዚህ ሐኪሙን ገና ሲጀምር "እኔ የምተዳደረው በመንዳት ነው" ማለት ያስፈልጋል። ሰዓቱ ሊስተካከል፣ መድኃኒቱም ሊቀየር ይችላል። ይህን ስለማያውቁ ነው ብዙዎች ሕክምናውን የሚፈሩት። ከዚህ የባሰው ፍርሃት ባለንብረቱ ነው። "ጭንቅላቱን ያመዋል ከተባልኩ ቁልፉን ይቀበለኛል" ይላል ቅጥር ሹፌሩ። እውነቱን ነው፣ ይቀበለዋል። የቀን ገቢ ካልገባለት የሚቆጣ ባለቤት ስለ ድብርት ይሰማል ብዬ ራሴን አልሸነግልም። ለዚህ ነው ስብስቡ ውስጥ ባለንብረቶችም መኖር ያለባቸው። መኪና ወዳጅነት አሠሪና ሠራተኛን አንድ ኮፈን ሥር የሚያቆም ብቸኛው ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ሹፌሮቻችን የተሸከሙት ደግሞ ቀላል አይደለም። ክልላችን ውስጥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ግጭት መንገድ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ጎንደር ደርሶ መመለስ ድሮ የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ዛሬ ሚስት ስልክ ይዛ የምትጠብቅበት ጉዞ ነው። አደጋ ያየ፣ ሰው ሲወድቅ ያየ፣ ታግቶ የተለቀቀ ሹፌር በማግስቱ መሪ ይይዛል፣ አማራጭ ስለሌለው። ከወር በኋላም ያው ነገር በሕልሙ እየመጣ የሚያባንነው ከሆነ፣ ያችን ቦታ ሲያልፍ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ይህ ፈሪነት አይደለም። ስም ያለው፣ ሕክምናም ያለው ሕመም ነው። ጫትና አረቄ ለሌሊቱ ያገዙ ይመስላሉ፣ ጠዋት ያስከፍላሉ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ልጨምር። እሑድ ጠዋት ሐይቁ ዳር እየታጠበ ቢወራስ የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አልስማማም። ጣና በእምቦጭ የደረሰበት ይበቃዋል፤ የእኛን ዘይትና ሳሙና አንጨምርበት። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ወጥቶ ቡና መጠጣት ይቻላል፣ ወይ በጢስ ዓባይ መንገድ ጥቂት ነድቶ ዛፍ ሥር መቆም። ግን ዋናው ጋራዡ ነው። ለየት ያለ ፕሮግራም ሲደረግ ወንዶች ጃኬታቸውን ዘግተው ይመጣሉ።

ወጪው ይህን ያህል አያስጨንቅም። የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ስልክ በትልቁ ተጽፎ ከዘይት ዋጋ ዝርዝር ጎን ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። ባለሙያ በወር አንድ ቀን ጎራ ይበል፣ ያለ ነጭ ጋዋን። የሚያከራክረው የመካኒኩ ጊዜ ነው። ግማሽ ቀን ለሥልጠና ሥራ ያቆመ መካኒክ የግማሽ ቀን እንጀራውን ያጣል፣ ለልጁም ለረዳቱም የሚከፍለውን ጭምር። ለመስከረሙ የሆቴል አዳራሽ ከሚያዘው አበል ላይ ይከፈለው።