እረፍታችንን ለስፖርት፣ ስፖርታችንን ለእረፍት አንሠዋ

እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ የምንኖር ሐበሾች የእረፍት ቀናችንን የምናሳልፍበት መንገድ ያሳስበኛል። ብዙዎቻችን ሁለት ሥራ እንሠራለን፤ ፓርኪንግ፣ ታክሲ፣ አረጋውያን መንከባከብ፣ የሆስፒታል የሌሊት ሺፍት። «ኦፍ» የምንለው ቀን ሲደርስ ልብስ ይታጠባል፣ አስቤዛ ይገዛል፣ ቢል ይከፈላል። አሁን ደግሞ ስፖርት ተጨምሮበታል። ሳምንቱን ሙሉ ያልተሠራው ሁሉ እሁድ ጠዋት ሳሎን ውስጥ ይካካሳል፦ ፑሽአፕ፣ ስኳት፣ ገመድ ዝላይ፣ ላብ እስኪንጠፈጠፍ። ሰኞ ደረጃ መውረድ ጭንቅ ይሆናል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ምንጣፉ ተጠቅልሎ አልጋ ሥር ይገባል፤ ስፖርቱም ቀረ፣ እረፍቱም አልነበረ።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ጎህ ሳይቀድ መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጠውን፣ ጃን ሜዳ የሚያሟሙቀውን ወጣት ያየ ያውቀዋል። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ከመኪና ነፃ ቀንም አንዳንድ እሁድ ጠዋት አስፋልቱን ለእግረኛና ለሯጭ ለቆለታል። ስፖርቱ ከሰው ጋር ነው፤ ደግሞም በማለዳ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ቀኑ የሰንበት ነው። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ከአቦል እስከ በረካ ጨዋታው ይቀጥላል፤ ተቀምጦ መዋሉን እንደ ስንፍና የሚቆጥርበት የለም። እኔ ከአገር ቤት በጣም የሚናፍቀኝ ይህ ነው።

አገር ቤት ሁሉ ነገር ተስተካክሏል ማለቴ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ውሎ በመኪና ወደ ቤቱ የሚገባው የከተማ ሰው እየበዛ ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት በየቤቱ ይወራል። ግን ሕጉ እንኳ ለእረፍት ቦታ ይሰጣል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። አሜሪካ ውስጥ ግን የግል አሠሪ ለሠራተኛው የተከፈለበት የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። እረፍታችንን ራሳችን ካላስከበርነው ማንም አያስከብርልንም።

ታዲያ እንዴት ይሁን? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት ይመክራል። ቀድሞ «ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ» ይባል የነበረውም ቀርቷል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ሥራ ከመግባታችን በፊት ሩብ ሰዓት፣ ስንመለስ ሌላ ሩብ ሰዓት ከሠራን በአምስት የሥራ ቀን 150ው ይሞላል። በታኅሣሥ እዚህ 11 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ስለምትጠልቅ ሳሎናችን ውስጥ መሥራታችን ግድ ነው፤ ግን በሥራ ቀን ይሁን። ክብደት ማንሳቱም በተከታታይ ቀናት ባይሆን ይመረጣል፤ ጡንቻ የሚጠገነውና የሚጠነክረው ስናርፍና ስንተኛ ነውና። ሌሊት ሠርቶ ያደረ ሰው መጀመሪያ ይተኛ፤ ስፖርቱ ይደርሳል። የኦፍ ቀን ከልጆች ጋር በእግር ወጣ ማለት፣ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ወይም መስጊድ መሄድ፣ ወዳጅ ጠርቶ ቡና ማፍላት ይበቃል።

ለእረፍት አገር ቤት የምትገቡም በሻንጣችሁ የስፖርት ፕሮግራም አትያዙ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለምትገኝ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ዳገት መውጣት ብቻውን ትንፋሽ ያሳጥራል። ሁለት ሳምንት ፑሽአፕ ባይሠራ ያካበታችሁት ጉልበት አይጠፋም። እናት «ቁጭ በል ልጄ፣ ቡናው ሊደርስ ነው» ስትል ቁጭ በሉላት። እግራችሁ ሲፈታ ደግሞ የእህት የወንድም ልጆችን ይዛችሁ እንጦጦ ውጡ።