ሰባት ሰው ይይዛል ይላል፤ ሰባቱ የት ይቀመጡ?

ዛሬስ ሳልናገር አላድርም። ጀልባ መግዛት እንዲህ ጨጓራ የሚልጥ ነገር ነው እንዴ?

ሚኒሶታ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ግማሹን ዓመት በረዶ ስንጠርግ ከርመን፣ ሐይቁ ሲቀልጥ ልጆቹንም እናቶቻችንንም ይዘን ውሃ ላይ መውጣት ያምረናል። እኔና ባለቤቴ ገንዘብ አጠራቅመን ሁለት የአሉሚኒየም ጀልባዎች መረጥን። ሁለቱም ሆዳቸው ሹል ነው፣ ዲፕ ቪ የሚባሉት ናቸው። አንዱ 18 ጫማ ነው፣ ሌላው ከ20 ትንሽ ያልፋል።

"ለቤተሰብ ከሆነ ፖንቱን ግዙ" ያለን ሰው ብዙ ነው። ፖንቱን የሚባሉት በተንሳፋፊ ቱቦዎች ላይ የተሠሩ፣ ወለላቸው ጠፍጣፋ የሆነ ጀልባዎች ናቸው። ለትንሽና ለተረጋጋ ሐይቅ ልክ ናቸው። እኛ የምንወደው ግን ሚል ላክስ የሚባለውን ትልቅ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ባሕር ያስመስለዋል፣ ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት እንኳ 13 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ላይ ንፋስ ሲነሳ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ እየተከታተለ ይደበድባል። ያንን ሰንጥቆ የሚያልፈው ሹል ሆድ ነው።

ንዴቴ የሚጀምረው ሻጩ ጋ ነው። "ልጆች አሉን፣ እናቴም አብራን ትወጣለች" አልነው። ሰውየው የዓሣ ማቆያውን ገንዳ ከፍቶ አሳየን። የመንጠቆ ዘንግ የሚገባበትን ሳጥን አሳየን። ዓሣ የሚፈልገውን ስክሪን አበራልን። "እናቴ የት ትቀመጥ?" ስለው ወደ ጀልባው አፍንጫ ጠቆመኝ። ያ እኮ ቆሞ መንጠቆ ለመወርወር የተሠራ ከፍ ያለ መድረክ ነው! ልጄን እዚያ ላይ አስቀመጥኳት። የጀልባው ጠርዝ ክርኗን እንኳ አልነካም። የምትይዘው ብረት የለም። አንድ ማዕበል ቢያነጥረን ልጄ ውሃ ውስጥ ናት። ላይፍ ጃኬትማ ታደርጋለች፣ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚኒሶታ ሕግም ያስገድዳል። ግን ላይፍ ጃኬት ወንበር አይሆንም።

ደግሞ ያቺ መሪው አጠገብ የምትለጠፍ ሰሌዳ አለች። አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ በታች የሆነ የሞተር ጀልባ ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚችል ተጽፎ እንዲለጠፍበት ሕግ ያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። የሚቆጥረው ግን ጀልባው የሚችለውን ክብደት ነው፣ ወንበር አይቆጥርም። ባለ 18 ጫማው ላይ 7 ሰው ይላል። ወንበሩ አራት ነው! ሻጩ ግን ሰሌዳዋን በጣቱ መታ መታ እያደረገ "ይኸው ሰባት" ይለኛል። ሦስቱን ዓሣ ገንዳ ውስጥ ላስቀምጣቸው?

ሹል ሆድ ሌላም ጠባይ አለው። ሲሮጥ ደህና ነው፣ ሲቆም ግን ወደ ጎን ያዘነብላል። ልጆች ደግሞ ዓሣ ታየ ከተባለ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ነው የሚሮጡት። ይህን የሚያረጋጋው የጀልባው ስፋት ስለሆነ የሁለቱን ስፋት በኢንች እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። እሱ የጀልባው ብረት ስለሚያያዝበት ስለ ብየዳና ስለ ሪቬት (ጫፉ ተጨፍልቆ የሚይዝ ምስማር) ማውራት ጀመረ። (ይኼ ክርክር እዚህ አገር አያልቅም። ሉንድ የሚባሉት ጀልባዎች በሪቬት፣ ክሬስትላይነር የሚባሉት በብየዳ ይሠራሉ፤ ሰው እስኪጣላ ይከራከርባቸዋል። የሁለቱም ባለቤት ግን ብረንስዊክ የሚባል አንድ ኩባንያ ነው።) እኔ የጠየቅኩት ስፋቱን ነው!

ዋጋውንማ ተዉት። ድረ ገጹ ላይ ያየነውና ቢሮ ገብተን የሰማነው አይገናኙም። የማጓጓዣ፣ የማዘጋጃ፣ የወረቀት እያሉ ይጨምሩበታል። ቀድሞ ቢነግሩን ምን ነበረበት?

ልቤ ወደ ረጅሙ አድልቷል። ከኋላ ሲፈለግ የሚዘረጋ፣ ሲፈለግ የሚታጠፍ ወንበር አለው። የፊት መስታወቱ ሙሉ ስለሆነ ንፋሱ እናቴን አይመታትም። እንጀራና ወጥ ሳይረጥብ የሚቀመጥበት ሳጥንም አገኘንበት። ችግሩ ተጎታቹ ላይ ሲጫን ጋራዣችን አይበቃውም። ውጭ ይደር ካልን ለማቆሚያ በየወሩ መክፈል አለ። ትልቅ ሞተርም ይፈልጋል፣ ትልቅ ሞተር ደግሞ ቤንዚን ይጠጣል።

እባካችሁ፣ ባለ 18 ጫማ ዲፕ ቪ ይዛችሁ ከልጆችና ከእናቶቻችሁ ጋር የወጣችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ስለ ዓሣው አይደለም የምጠይቃችሁ። ማን የት ተቀመጠ? ንፋስ ሲነሳ ከፊት የተቀመጠው ሰው እንዴት ሆነ? ቅዳሜ ተመልሰን እንሄዳለን፣ ከመፈረሜ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።