ያ የጋየው መሬት የራሳችን ነበር

ወገኖቼ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች የነበረውን ጨፌ ምን አደረጋችሁት? በጋ ከክረምት ውሃ የማይለየው፣ ለዓመት በዓል ቄጤማ የሚታጨድበት ጨፌ ነበር። ባሕር ዛፍ ይተከልበት ተባለና በደቦ ወጥታችሁ ወገብ የሚደርስ ቦይ ቆፈራችሁ። ማንም አላስገደዳችሁም።

ውሃው ሄደ። በየካቲት ደግሞ ደረቁን ሣር ለማጽዳት እሳት ለቀቃችሁበት። ሣሩ ወዲያው አለቀ። መሬቱ ግን ማጨሱን አላቆመም። ላዩ ላይ ነበልባል የለም፤ ከሥር ጥቁሩ አፈር ራሱ ይጋይ ነበር። ጥጃ ገብታ ሰኮናዋ ተቃጠለ። ያን ጊዜ እንኳ «አመዱ ማዳበሪያ ይሆናል» ያለ ሰው ነበር። ሌሎቻችሁም ራሳችሁን ነቀነቃችሁ። ይህን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አፈር እንዴት ይቃጠላል? ያ አፈር ለብዙ ዘመን ተጠራቅሞ በደንብ ያልበሰበሰ ሥርና ቅጠል ነበር። ውሃው አየር ስለሚከለክል ረቂቅ ተሕዋስያን ሊጨርሱት አልቻሉም። ቦዩ ውሃውን ሲያወጣ አየር ገባ። ይኸው እየበሉት ነው፤ የሚያወጡትም ዓለምን የሚያሞቀው ጋዝ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። እሳቱ ጠፋ፣ ይሄኛው አልቆመም።

ሙቀት ያፋጥነዋል። እርጥበት ካለ፣ የአፈሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሚወጣው ጋዝ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እናንተ ደግሞ ሣሩን አቃጥላችሁ መሬቱን ለፀሐይ አሰጣችሁት። ድርቀት ቢያዘገየውም፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲያርሰው ጋዙ በአንዴ ገንፍሎ ይወጣል። በርች የተባለ ተመራማሪ እዚሁ ጎረቤታችን ኬንያ፣ ሙጉጋ ላይ ሠርቶ ይህን በ1958 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። ክስተቱም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

«የእኛ ጭስ ከፈረንጅ ፋብሪካ አንጻር ምን አላት?» ትሉኛላችሁ። ከፋብሪካው ታንሳለች፣ እውነት ነው። ግን የዓለም አፈር የያዘው ካርቦን፣ በአየሩና በዕፅዋቱ ያለው ተደምሮ እንኳ አይደርስበትም። ከእኛ መሬት ሲወጣም ለምነቱና ውሃ የመያዝ አቅሙ አብረው ይሄዳሉ። ነገ ልጆቻችን ምኑን ያርሱታል? ሳስበው ሆዴ ይባባል።

መቆጣቱም ደከመኝ። ቦዩ ግን አሁንም ሊደፈን ይችላል። በድንጋይና በጭቃ ብንዘጋው የክረምቱ ውሃ ተመልሶ ይተኛበታል፣ መበስበሱም ይዘገያል። የሄደው አፈር በእኛ ዕድሜ አይመለስም፤ የቀረውን ግን እናተርፋለን። ለመቆፈር በደቦ እንደወጣችሁ ለመድፈንም ውጡ። ሰኔ ሳይገባ መሆን አለበት። ሁላችሁም ባትመጡ፣ አካፋ የያዙ ጥቂት ሰዎች ይበቃሉ።