እረኝነት በቀጠሮ

አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨርና አውሮራ የሚኖር ሐበሻ ከፋሲካና ከሠርግ ቀጥሎ እንቅልፍ የሚያጣበት ነገር ቢኖር የቤተሰብ ፎቶ ነው። የድሮውን ማለቴ አይደለም። ድሮ ፎቶ ቤት ይኬድ ነበር። ግድግዳው ላይ በቀለም የተሳለ ተራራና ፏፏቴ አለ፤ ከጎኑ የፕላስቲክ አበባ፤ አንዳንዱ ጋ ደግሞ ሽቦው የትም የማይደርስ ስልክ። ትቀመጣለህ፣ እጅህን ጉልበትህ ላይ ታሳርፋለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ብልጭ ይላል፣ አለቀ። ዛሬ ተራራው እውነተኛ ሆነና ውሸቱ ወደ እኛ ዞረ።

ዘንድሮ ባለቤቴ በቤተሰቡ የቫይበር ግሩፕ ላይ ውሳኔዋን አስታወቀች። ፎቶው ተራራ ላይ ነው፤ አለባበሱም "ዌስተርን"፣ የአሜሪካ ከብት ጠባቂዎች፣ የካውቦዮች ማለት ነው። ጂንስ፣ ቡት ጫማ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የእንጨት አጥር፣ ከተገኘም ፈረስ። ወትሮ "መልካም ሰንበት" የሚል የአበባ ምስል ከማስተላለፍ ሌላ ድምፃቸው የማይሰማ ዘመዶች ሁሉ ነቁ። የቨርጂኒያዋ አክስት "እኔ ሳልደርስ እንዳትነሱ!" ብለው በድምፅ ላኩ። አማቴ ግን ከብዙ ዝምታ በኋላ አንዲት ጥያቄ ጻፉ፦ "እረኛ ልንመስል ነው?"

አማቴን እኔም እንደ ልጆቻቸው አባባ ነው የምላቸው። የእንጅባራ አካባቢ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ገሳ ለብሰው፣ ጭቃውን በባዶ እግራቸው እየረገጡ ከብት ጠብቀዋል። አባታቸው እርሳቸውን፣ እርሳቸው ደግሞ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የላኩት ከዚያ ቤት ሌላ እረኛ እንዳይወጣ ነው። አሁን ያቺ ተምራ ነርስ የሆነችው ልጃቸው ዶላር ከፍላ እረኛ ልታስመስላቸው ነው። ያውም ቀብዱ የማይመለስ።

ደወሉልኝ። "ከብቶቹስ?"

"ከብት የለም አባባ፤ አጥር ብቻ ነው።"

"ታዲያ ምን ልንጠብቅ?"

"ፀሐይ" አልኳቸው።

መቀለዴ አልነበረም። ፎቶ አንሺዎች "ጎልደን አወር" የሚሉት፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ያለ ለስላሳ ብርሃን አለ፤ ዋጋው ሁሉ ለእርሱ ነው የሚከፈለው። ተራራ ላይ ደግሞ ይህ ብርሃን ከስልካችን ጋር አይስማማም። ስልኩ በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ የምትጠልቀው በኛ አቆጣጠር አንድ ሰዓት ገደማ ነው ይላል። የሮኪ ተራሮች ግን በምዕራብ በኩል ተደርድረው ስለሚጠብቋት ሸለቆ ውስጥ ለቆመ ሰው ብዙ ቀደም ብላ ትሸሸጋለች። ሐበሻን የማትጠብቅ አንዲት ባለሥልጣን ብትኖር እርሷ ናት። ባለቤቴ ይህን አስባ ለሁሉም ሰው ሰዓቱን በሁለት ሰዓት አስቀድማ ነገረች። ሁሉም ሰው ደግሞ እርሷ ሰዓት እንደምታስቀድም ስለሚያውቅ ሁለቱን ሰዓት መልሶ ጨምሮ ያዘው።

ቀኑም ራሱን የቻለ ጭቅጭቅ ነበረው። አስፐን የሚባለው የተራራው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው በመስከረም አጋማሽ ነው፤ ከዚያ ጥቂት ዘግይተህ ብትሄድ ነፋስ ያራገፈው ጭራሮ ሥር ነው የምትነሳው። ፎቶ አንሺዋ ያላት ባዶ ቀን ደግሞ የደመራ ዕለት ሆነ። እማማ፣ የአማቴን ባለቤት ማለቴ ነው፣ "ለሥዕል ብዬ ደመራ አልቀርም" ብለው ቆረጡ። ደግነቱ ቤተ ክርስቲያናችን ደመራውን ወደ እሑድ አዛወረው። ውጭ አገር በዓልም የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል።

ከዚያ የልብስ መመሪያ መጣ፤ ብዙ ገጽ ያለው። የጡብ ቀለም፣ የሰናፍጭ ቀለም፣ የደረቀ ሣር የሚመስል አረንጓዴ ይመረጣል። ደማቅ ነጭ ክልክል ነው፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ፎቶው ላይ ይነድዳል። እማማ መመሪያው ሲተረጎምላቸው በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ የሐበሻ ቀሚሳቸውን መተኮስ ጀመሩ። "ሁላችሁም ጭቃ ጭቃ ለብሳችሁ እኔ ነጭ ካልለበስኩ፣ አገር ቤት ያየ ሰው ኀዘን ላይ ናቸው ይላል።" በዚህ ላይ ክርክር የለም። ፎቶው ለማን እንደሚነሳ ከሁላችንም በላይ የገባቸው እማማ ናቸው። እዚህ ቤት ያለን ሰዎችማ ፊታችንን በየቀኑ እናየዋለን።

ተቃውሞ የተነሳው ከልጄ ነው። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ተቃውሞ የሙሉ ጊዜ ሥራ ነው። "ዳዲ፣ ይሄ የኛ ከልቸር አይደለም፤ ያሳፍራል" አለች። የሰው ባህል መስረቅ ነው ማለቷ መሰለኝ። ዴንቨር ውስጥ በ1971 ፖል ስቱዋርት የተባለ ሰው ያቋቋመው የጥቁር ካውቦዮች ታሪክ የሚታይበት ሙዚየም እንዳለ፣ ከአራት ካውቦይ አንዱ ያህል ጥቁር እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚገምቱ፣ ይህን ሁሉ አዘጋጅቼ አፌን ስከፍት አባባ ቀደሙኝ። "ላም የማን ባህል ናት?" አሏት። መልስ አጣች። እኔም ሙዚየሜን ይዤ ቀረሁ።

ሸሚዝ ግዢ ላይ ብዙም አልዘገይም። ከመሐል ዴንቨር ሮክማውንት ከሚባለው ከ1946 ጀምሮ ካለው ሱቅ ነው የተገዛው። በጨርቅ ቀዳዳ ከሚገባ ቁልፍ ይልቅ ተጭነው "ጠቅ" የሚያደርጉት የብረት ቁልፍ አለው። ከብት ቀንዱን ቢያስገባ ሸሚዙ ይከፈታል እንጂ ሰውዬው አይጎተትም። አባባ ይህ ሲነገራቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለጉዳዩ ክብር ሰጡ። የሱቁ መሥራች ጃክ ዊል 107 ዓመት ኖረው እስከ መጨረሻው ሥራ ይገቡ እንደነበር ሲሰሙ ደግሞ ሁለት ሸሚዝ ገዙ።

ከልብሱም ከቀኑም የከበደው አሰላለፉ ነበር። የባለቤቴ ታናሽ እህት ጓደኛ አላት። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው፣ ቁመቱም የምሰሶ ያህል ነው፤ ሽማግሌ ግን አልላከም። ስለዚህ በሕግ የለም። በበዓል ይመጣል፣ ይበላል፣ ይመረቃል፣ ዕቃ ያነሳሳል። አባባ "ያ ሹፌሩ ልጅ" ነው የሚሉት፤ ልጃቸውን እያደረሰ ስለሚመጣ። ፎቶው ላይ ባይኖር እህትየው ታኮርፋለች። ቢኖር እንጅባራ ያለው ዘመድ ሁሉ በአንድ ድምፅ "ይሄስ የማነው?" ይላል። ለዚህ ጥያቄ መልስ ሳያዘጋጁ ፎቶ መላክ ደግሞ በገዛ እጅ ችሎት መቅረብ ነው።

ባለቤቴ መላ አገኘች። ልጁ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ጠርዝ ላይ የቆመ ይቆረጣል። ለአሜሪካ ልጁ ያለበት፣ ለአገር ቤት በእርሱ ፈንታ አንድ አስፐን ያለበት ፎቶ ይወጣል። ማስጠንቀቂያም ነበረው፤ እጁ ማንም ትከሻ ላይ እንዳያርፍ። ሰውዬው ተቆርጦ ጣቶቹ ብቻ ትከሻ ላይ ከቀሩ ከነሙሉ አካሉ የባሰ ያስጠይቃል።

ቀኑ ደረሰ። የምንሄደው ኬኖሻ ፓስ ነው፤ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በመስከረም ቅጠል ለማየት የኮሎራዶ ሕዝብ በሙሉ የሚተምበት በር። በመንገድ ቁጥር 285 ላይ መኪናው እንደ ፍልሰታ ቅዳሴ ሕዝብ ግጥም ብሏል። የመንገዱ ዳር ሁሉ ማቆሚያ ሆኗል። እዚያ ላይ የመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ትዝ አለን፦ ከፍታው ሊያዞር ስለሚችል ውኃ ጠጡ፣ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። አባባ ከፍታውን ጠይቀው ሳቁ። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍ ብያለሁ እያለች የምትኮራበት 1,609 ሜትር ለአዲስ አበባ እንኳ ቆላ ነው። የሮኪ ተራሮች ቁንጮ፣ ኤልበርት፣ 4,401 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሽን ከ4,500 ያልፋል። "ሚጢጢ ተራራ ይዘው ነው እንዲህ የሚያካብዱት?" ብለው ሽቅብ መራመድ ጀመሩ። የዞረባቸው ከባሕር ጠረፍ የመጡት የቨርጂኒያዋ አክስት ናቸው፤ ፎቶው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚታዩት እየጸለዩ እንዳይመስላችሁ።

ቅጠሉ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ አፍ ያስይዛል። እማማ ቆም ብለው "አደይ አበባ ዛፍ ላይ ወጣች" አሉ። የአስፐን ጫካ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሥር የበቀለ ነው፤ መቶ ዛፍ የመሰለህ አንድ ዛፍ ነው። ለዚህም ነው ባንድ ላይ የሚያቢጨው። ፎቶ አንሺዋ ይህን ስትነግረን ስለ ቤተሰብ አንድነት ልታስተምረን መሆኑ ገባኝ። እኛ ከኋላችን ያ ሁሉ ዛፍ ሳይጨቃጨቅ ተሰልፎ "አንተ ወዲያ፣ አንቺ ወዲህ፣ እማማ ነጠላዎት ልጁን ሸፈነው" እያልን ነበር። ነጠላውን ደግሞ ነፋሱ ይወስደዋል፤ በየፎቶው አንድ ሰው ፊቱ የለም።

ከዚያ ፎቶ አንሺዋ መሐሉን አየችና ልጁን በጣቷ ጠራችው። ረጅም ሰው ከመሐል ከኋላ ነው የሚቆመው፤ የሙያው ሀሁ ነው። እህትየው ፈገግ አለች። ባለቤቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ስለ ሽማግሌ አላላክ በዚያች ቅጽበት በእንግሊዝኛ ማስረዳት ለእኔ ወደቀ። "እርሱ ገና አልተመዘገበም" አልኳት። እርሷ የክፍያው ነገር መሰላት። "ግድ የለም፣ ለአንድ ሰው ተጨማሪ አላስከፍልም" ብላ መሐል አቆመችው።

ከተራራው ማዶ ወደተዘረጋው የሳውዝ ፓርክ ሜዳ ወረድን። አጥሩና ፈረሱ እዚያ ናቸው። የፈረሱ ባለቤት ወረቀት አስፈረመን፤ ፈረሱ ቢጥለን፣ ቢነክሰን፣ ቢረግጠን እርሱን እንዳንከስ። ቀጥሎ ለአባባ ልጓሙን ያዝ አድርገው እንዲቆሙ ብቻ አሳያቸው። መውጣት ለደኅንነታቸው ሲባል አይፈቀድም። ይህን የሚነግራቸው የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 የዓድዋን ፈረሶችና ፈረሰኞች ከሚያስቡበት አገር ለመጡ ሰው ነው። አባባ አልተቆጡም። ፈረሱን ዞረው አዩት፣ ከሆዱ ሥር የሚያልፈውን ጠፍር በሁለት ጣት ሳቡና "ላልቷል" አሉ። ተረጎምኩ። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየ። ላልቷል። አጠበቀና ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ እጅ ነሳ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን የሚያስታውስ አልነበረም፤ አባባ ኮርቻው ላይ ናቸው።

ብርሃኑ መጣ። ፎቶ አንሺዋ መሮጥ ጀመረች። "አሁን ወደኔ አትዩ! አውሩ! ሳቁ! እኔ የለሁም!" አለች። ይህ ለኛ ሰው ከባድ ትእዛዝ ነው። ካሜራ ፊት ጥርስ ማሳየት ያላደግንበት ነገር ሆኖ፣ ሁላችንም የመታወቂያ ፊታችንን ይዘን ተፋጠጥን። ምን ይወራል? አብረን ነው የዋልነው። በመጨረሻ የቨርጂኒያዋ አክስት ባቡሩን አስነሱት፤ አጠገባቸው ወዳለው ሰው ዞረው "እንዴት ዋላችሁ?" አሉ። ሁሉም ቀኑን ሙሉ እንዳልተያየ ሰው ሰላምታ ጀመረ። እዚያ ላይ ነው ሰፊ ባርኔጣ ለሐበሻ ያልተሠራ መሆኑ የታየው። ጉንጭ ለጉንጭ ለመሳሳም ጠጋ ስንል ክንፍ ከክንፍ እየተጋጨ ባርኔጣው እንደ ሰሐን ይረግፋል።

ልጁም ሥርዓት ያለው ነውና፣ አባባ ከፈረሱ ሲወርዱ ቀረብ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ዝቅ አለ። ባርኔጣው ወደቀ። አባባ ከአየር ላይ ቀለቡት፣ በራሳቸው ባርኔጣ ላይ ደረቡትና በጥርሳቸው ሙሉ ሳቁ። በሠርጋቸው ፎቶ እንኳ ያልሳቁ ሰው ናቸው።

ፎቶዎቹ በሊንክ መጡ። ብዙዎቹ ደህና ናቸው። አንደኛው ግን ሌላ ነው፤ ከኋላ ወርቅ የመሰለ ሜዳ፣ ፈረሱ ጆሮውን አቁሞ፣ እማማ በነጭ ቀሚሳቸው እየነደዱ፣ ሁሉም ሰው እያየ፣ መሐል ላይ አባባ ሁለት ባርኔጣ ደርበው ይስቃሉ፤ ከጉልበታቸው ሥር ልጁ ተንበርክኳል። ከየትኛውም ጠርዝ ብትቆርጠው እርሱ አይወጣም።

አባባ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ሰዓት አዩት። "ይህን ያየ ሰው ሽማግሌ አልተላከም ብንለው ያምነናል?" አሉ። ማንም አልመለሰም። "እንግዲያውስ ፎቶው ከመላኩ በፊት ሽማግሌው ይላክ።"

ሽማግሌዎቹ ለመጪው እሑድ ተቀጥረዋል። እስከዚያ ፎቶው ከኔ ስልክ እንዳይወጣ ታዟል፤ የቨርጂኒያዋ አክስት በየማለዳው "ምነው ዘገየ?" ይሉኛል። ትናንት ማታ ደግሞ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ደወሉ። ስለ ጥሎሽ ወይም ስለ ቀን መስሎኝ ነበር። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ፎቶ መነሳት አለ አሉ፤ ባርኔጣውን እኛ ነን የምንይዘው ወይስ እናንተ?" አሉኝ።