ይድረስ ሀዋሳ ላለው ዲኮደራችን

ለ፦ ሳሎን፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ ዳንቴል ለብሰህ ለተጋደምከው
ጉዳዩ፦ ማብራሪያ ስለመጠየቅ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካንተ ብስጭት በቀር ደህና ነን።

ይህን የምጽፍልህ ነሐሴ 25 ቀን፣ አዲስ አበባ ሆኜ ነው። አንተ ሀዋሳ ነህ። ቤቱ ተቆልፏል። መጋረጃው ወርዷል። ሶኬትህ ተነቅሏል። የወር ክፍያህ ግን ገና 19 ቀን ይቀረዋል። ተኝተህ እየበላኸው ነው።

ካላስታወስከኝ፣ እኔ ጣሪያ ላይ ሆኜ "መጣ?" እያልኩ ስጮህ የነበርኩት ሰውዬ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ደብዳቤው ሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንዳይደናገር። ቤቱ የታላቅ ወንድሜ ነው። ወንድሜ የሚኖረው አሜሪካ ነው። "ስመጣ አርፍበታለሁ" ብሎ ሐይቁ አጠገብ አሠራው። በሦስት ዓመት አንዴ ይመጣል። እስከዚያ እኛ እናርፍለታለን። ባለፈው ሲመጣ ኳስ አጣና ተናደደ። በንዴት አንተን ገዛህ። "ቅድመ ክፍያ ነው እኮ! ስትሄዱ ትከፍላላችሁ፣ ካልሄዳችሁ አትከፍሉም። ምን ችግር አለው?" አለን። ሲወራ እንዴት ያምር ነበር መሰለህ።

ዘንድሮ ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16፣ ልጆቹን ይዘን ልንወርድ ወሰንን። ትምህርት ዝግ ነው። የእንግሊዝ ሊግም ገና መጀመሩ ነው። እዚያ ደርሰን እንዳንጨናነቅ ብዬ ነሐሴ 14 ማታ፣ ከሶፋዬ ሳልነሣ፣ በስልኬ ከፈልኩልህ። ገንዘቡ በሰከንድ ሄደ። የምስጋና መልእክትም መጣልኝ። ለባለቤቴ አሳየኋት። "አየሽ? አስቀድሞ ማሰብ ማለት ይሄ ነው" አልኳት። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ እየመነዘረችብኝ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ደረስን። ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነድተን፣ ሻሸመኔ ላይ ድንች ገዝተን። ሐሳባችን ዕቃውን አራግፈን በቀጥታ አሞራ ገደል መሄድ ነበር። ጾሙን በአሳ ልንፈታ። "አንድ ደቂቃ፣ ቴሌቪዥኑን ላስነሣ" አልኩ እኔ።

ዳንቴልህን ገለጥኩ። ሰካሁህ። ቀይ መብራትህ በራ፣ ከዚያ አረንጓዴ ሆነ። ለወራት ተነቅለህ ስለከረምክ አዲስ ሶፍትዌር ካልጫንኩ አልክ። እስኪያልቅ እንዳታጠፉኝም አልክ። አላጠፋንህም። 20 በመቶ። 40 በመቶ። እናቴ ቡና ቆላች። 93 በመቶ ላይ መብራት ሄደ። ሲመለስ ከ1 ጀመርክ።

ጨርሰህ ስትነሣ ምን አልክ? ቻናሉ ዝግ ነው፣ ክፍያ ፈጽሙ።

ስልክ ደወልኩ። የመጠበቂያውን ሙዚቃ ሰማሁ። ደግሜ ሰማሁ። በሦስተኛው ትንሿ ልጄ መደነስ ጀመረች። በመጨረሻ አንዲት ትሑት ልጅ አነሣች። "ሲከፍሉ ዲኮደሩ በርቶ ነበር?" አለችኝ። "እንዴት አድርጎ ይበራል? ቤቱ ተቆልፎ!" አልኳት። "እንግዲያው መልእክቱ አምልጦታል" አለች።

ጠባይህን የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው። ካርድህን የሚከፍተው ትእዛዝ የሚወርደው ምስሉ ከሚወርድበት ከዚያው ሳተላይት ነው። ከተከፈለ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ እየተደጋገመ ይለቀቃል። በዚያ ሰዓት ነቅተህ ከሆነ ሰምተህ ትከፍታለህ። ተኝተህ ከሆነ ያልፍሃል። ደጅ ቆሞ "ቤቶች!" ሲል ቆይቶ፣ የሚመልስለት ሲያጣ እንደሚሄድ እንግዳ ማለት ነው። ይሁን፣ ይህስ ባልከፋ። ግን መክፈቻውን ለመስማት የተኛኸው አንተ፣ ቀን ለመቁጠር እንዴት ነቃህ? እኛ ስንደርስ ሁለት ቀን አስቀድመህ በልተሃል።

ልጅቷ "አሁን ደግሜ እልክልዎታለሁ፣ 15 ደቂቃ በርቶ ይቆይ" አለች። ቆየ። ግማሽ ሰዓት ቆየ። ወይ ፍንክች። ለካ ሲግናልም የለህም። ሲግናል ከሌለ ደግሞ መክፈቻው ራሱ አይደርስህም። ቁልፉን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጦ ሣጥኑን መቆለፍ ይሏል እንዲህ ነው።

ጣሪያ ላይ ብወጣ ጥፋተኛዋ ተገኘች። ጦጣ ናት። ሀዋሳን የሚያውቅ ያውቃታል። ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለህ ዞር ካልክ ዳቦህ ዛፍ ላይ ነው። የኛዋ ደግሞ የዲሹን ክንድ ዥዋዥዌ አድርጋዋለች። ክንዱ ጫፍ ላይ ሲግናል የሚቀበለው ኤልኤንቢ አንገቱን ደፍቶ የጎረቤት ዶሮ ቤት ያያል። ቀና ብዬ ሳያት ልጇን ደረቷ ላይ አድርጋ በትዝብት ታየኛለች። ጣሪያው የማን እንደሆነ ያኔ ተጠራጠርኩ።

መሸ። አሞራ ገደል አልሄድንም። ጾሙ የተፈታው በሻሸመኔ ድንች ነው።

ዓርብ ጠዋት ዲሽ የሚተክል ልጅ ጠራን። ልጁ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ችግሩ የእህቴ ባል ነው። ከታች ቆሞ መመሪያ ይሰጣል። "ወደ ምዕራብ! ዲሽ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው!" ይላል። እሱ የናይልሳት ዘመን ሰው ነው። ናይልሳት የሚባለው ሳተላይት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ስለሆነ፣ ለብዙ ዓመት ዲሻችን ሁሉ ፊቱን ወደ ፀሐይ መግቢያ አዙሮ ኖሯል። ከዚያ በ2012 ዓ.ም ኢትዮሳት መጣ፣ ቻናሎቻችንም 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት ተሻገሩ። ያኔ ስንቱ አባወራ መፍቻ ይዞ ጣሪያ ላይ እንደወጣ ታስታውሳለህ? አታስታውስም፣ አልተወለድክም። የእህቴ ባልም ያን ሰሞን ሥራ በዝቶበት መሆን አለበት።

ያንተው ሳተላይት ደግሞ ከሁለቱም ተለየ። 36 ዲግሪ ምሥራቅ። ሀዋሳ ራሷ 38 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ስለዚህ ሳተላይትህ አናታችን ላይ ነው ቢባል ብዙ ውሸት አይደለም። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል። ዲሹም ስለት እንዳለበት ሰው ወደ ላይ አንጋጧል። "ተሰብሯል! ሰማይ ሰማይ ያያል!" ይላል የእህቴ ባል። ልጁ ዝም ብሎ ብሎኑን ያጠብቃል። ሲግናሉ ከዚያ ሁሉ ርቀት ጣሪያችን ለመድረስ የሰከንድ ስምንተኛ እንኳ አይፈጅበትም። ከጣሪያ ወደ ሳሎን ያለችውን ገመድ ለመውረድ ግን ሁለት ቀን ፈጀበት።

ልጁና እኔ ጣሪያ ላይ ነን። ባለቤቴ መስኮት ላይ። ትልቁ ልጄ ሳሎን፣ ከፊትህ።

"መጣ?"

"አልመጣም!"

"አሁንስ?"

"ነካ አድርጎ ሄደ!"

"ስትሬንግዙ ስንት ይላል?"

"82!"

"ኳሊቲውስ?"

"ዜሮ!"

ልጁ ሲያስረዳኝ፣ ስትሬንግዝ ማለት ጆሮህ አንዳች ነገር ይሰማል ማለት ነው። ኳሊቲ ማለት የሚባለው ገብቶሃል ማለት ነው። 82 ሰምተህ ዜሮ ገባህ። (እንዲህ ያለ ዘመድ አለኝ። ስሙን አልጠራም፣ ከታች ቆሞ እያየን ነው።)

"ትንሽ ወደ ግራ!" አለ ዘመዴ።

"በማን ግራ?" አለ ልጁ።

ይህች ጥያቄ ብቻ ሩብ ሰዓት ወሰደች። የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ቆሟል። አንገቱን ሰብስቦ፣ እጁን ወደ ኋላ እንዳጣመረ ሽማግሌ ያየናል። በጣሪያው ማዶ ሐይቁ ይታያል። ቢበዛ 200 እርምጃ ቢሆን ነው። ጀልባዎቹ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። ጀርባዬን ሰጥቼው ብሎን እይዛለሁ።

ወደ 8 ሰዓት ግድም ኳሊቲው 71 ገባ። ባለቤቴ እልል አለች። እንደገና ስልክ፣ እንደገና ሙዚቃ፣ እንደገና ጭፈራ። ተከፈትክ።

እናቴን ረስቼ። እናቴ ከሐሙስ ማታ ጀምሮ መኝታ ቤት ነበረች። እዚያ አንድ ወፍራም አሮጌ ቴሌቪዥንና ነጻ ሪሲቨር አለ። ዲሹ ዝገት በልቶታል፣ ግድግዳው ላይ በሽቦ ታስሮ ነው የቆመው። ወር አይቆጥርም፣ ካርድ አያውቅም። ስንት ድራማ እንደጨረሰች እሷ ናት የምታውቀው። ስንጮህ ብቅ ብላ "የኔዋ ትሠራለች" አለችና በሩን መልሳ ዘጋች።

ቅዳሜ 11 ሰዓት ኳስ አለ። ዘመድ ተሰብስቧል። ፈንዲሻ ተፈንድቷል። ከታቦር ተራራ በላይ ጥቁር ደመና ተቀምጧል፣ እኛ ግን አላየነውም። አንተን ነው የምናየው። 38ኛው ደቂቃ ላይ ዶፉ ወረደ። ተጫዋቾቹ መጀመሪያ ቆሙ። ቀጥሎ እንደ ቤት ንጣፍ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኑ። ኮሜንታተሩ "ጎ..." ብሎ ቀረ።

ይህንንም ልጁ ነግሮኝ ነበር። ሲግናልህ 12 ጊጋኸርትዝ ግድም ነው፣ የሞገዱ ርዝመት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል። ወፍራም ዝናብ እንዲህ ያለውን ሞገድ ይውጠዋል፣ ይበትነዋል። ትልቅ ዲሽ ብዙ ስለሚሰበስብ ትንሽ ይቋቋማል። ትንሹ ቶሎ እጁን ይሰጣል። ማዶ ካለው ኳስ የሚያሳይ ቤት ጩኸቱ ሲመጣ ነገሩ ገባኝ። የነሱ ዲሽ ጋን ያህላል። ማን እንዳገባ ግን ከጩኸት አይታወቅም። የእህቴ ባል በዝናቡ ላስቲክ ለብሶ ሄዶ ጠየቀ። ተመልሶ አልመጣም። እዚያው ቀረ።

እሑድ ሰማዩ እንደ መስታወት ጠራ። ያን ቀን እንዳንተ የሠራ የለም። ኳሊቲህ 80። ግን ማንም ሊያይህ አልፈለገም። ልጆቹ ጀልባ ላይ ናቸው። ባለቤቴ ፍቅር ሐይቅ ሄዳለች። እኔ ጫማዬን ልወስድ ስገባ ባዶ ሳሎን ውስጥ አንድ ነጭ ሽማግሌ ኬክ ሲጋግር ለወንበሮቹ ታሳያለህ። ጫማዬን ይዤ ወጣሁ። ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ተመለስን።

እንግዲህ ሂሳባችንን እንተሳሰብ። የ30 ቀን ከፍለናል። ዓርብ ማታ ልጆቹ ለሁለት ሰዓት ያህል ካርቱን አዩ። ቅዳሜ 38 ደቂቃ ኳስ። ኬኩን ከፈለግህ ጨምረው።

እዚያው ቤት፣ ኮሪደሩ ላይ፣ የመብራት ካርድ ቆጣሪ አለ። እሱም ቅድመ ክፍያ ነው። ጥር ላይ የሞላነው ነሐሴ ስንመጣ ቁጭ ብሎ ጠበቀን። አምፖል ካልበራ አይበላም። ፍሪጅ ካልተሰካ አይበላም። አንተና እሱ በአንድ ሶኬት ትገናኛላችሁ። አንድ ቀን እንኳ ጠባዩን አልጠየቅኸውም?

ዘበኛችንንም እናንሣ። አባባም በወር ነው የሚከፈላቸው። እኛ ብንኖርም ባንኖርም። በዚህ ትመሳሰላላችሁ። ግን እሳቸው መኪና ሲያዩ በር ይከፍታሉ። ዝናብ ሲመጣ "ሲግናል የለም" ብለው አያውቁም። አንተን የሚነቅሉህም እሳቸው ናቸው፣ መብረቅ እንዳይመታህ ብለው። ለደግነታቸው ውለታህ ይኸው ነው።

ታዲያ ለምን አሁን ጻፍክልኝ ትል ይሆናል። ትናንት ማታ ወንድሜ ከአሜሪካ ደወለ። እንቁጣጣሽ ያልፈዋል፣ መስቀልን ግን ከእኛ ጋር ነው። "ኳሱ ይሠራል አይደል?" አለኝ። "አዎ፣ በደንብ" አልኩት። ምን ልበል? የገዛልን እሱ ነው።

ስልኩን ዘግቼ ቀን ቆጠርኩ። ክፍያህ የሚያልቀው መስከረም 9 ነው። ወንድሜ ሀዋሳ የሚገባው መስከረም 10 ነው።

በዚያ ላይ ልጁ ጣሪያ ላይ እያለን አንድ ነገር ነግሮኛል። በደመራ ሰሞን፣ እኩለ ቀን አለፍ እንዳለ፣ ፀሐይ ልክ ከሳተላይትህ ጀርባ ትመጣለች። ያኔ ዲሹ የፀሐይን ጫጫታ ሰምቶ ያንተን መስማት ያቅተዋል። ለጥቂት ደቂቃ ነው አለ፣ ለጥቂት ቀን። ዝናቡ ሲያቆም ፀሐይ ተረኛ ናት ማለት ነው።

መስከረም 10 ጠዋት እከፍልሃለሁ። የዚያን ቀን አባባ ይሰኩሃል፣ ነግሬያቸዋለሁ። እባክህ እንዳትተኛ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለመብራት ቆጣሪው፣ ኮሪደር (ለምስጋና)
ለእህቴ ባል፣ ኳስ ቤት
ለጦጣዋ፣ ጣሪያ