የቆጡንና የብብቱን

አራት ሆነን ስንጫወት ወሬው ሥዕል ላይ ደረሰ። ነገሩን የለኮሰው አንድ ወዳጃችን ነው። «አብስትራክት ሲሥል ኖሮ ሰው መሣል የጀመረ ሰዓሊ አለቀለት በሉት» አለ። አብስትራክት የሚባለው የሰውም የዕቃም መልክ የሌለው፣ ቀለምና ቅርጽ ብቻ የሆነ ሥዕል ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች!» ተረቱን ሲናገር ጣቱን ወደ ጣሪያው ይቀስራል፤ ቆጡ እዚያ ያለ ይመስል።

አንዷ ጓደኛችን ፊሊፕ ገስተንን አነሳች። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኒውዮርክ ውስጥ ከእነ ሰዓሊው ዴ ኩኒንግ ጋር ስሙ የሚጠራ የአብስትራክት ሰዓሊ ነበር። በ1970 ማርልቦሮ ጋለሪ ይዞት የቀረበው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ቆብ ያጠለቁ የኩ ክሉክስ ክላን (የአሜሪካ ነጭ ዘረኞች ማኅበር) ሰዎች፣ ጫማ፣ ራቁቱን የተንጠለጠለ አምፖል። ስልኳ ላይ አንዱን አሳየችን። ፊቱን በነጭ ከረጢት የሸፈነ ሰው በአንድ እጁ ሲጋራ ይዞ በሌላው የራሱን መልክ ይሥላል። መልኩም ያው ከረጢቱ ነው!

ወዳጃችን ሁለት ሴኮንድ እንኳ አላየውም። «ይሄማ ካርቱን ነው። ገበያ ፈልጎ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ...»

ገበያ? ሃያሲው በጋዜጣ ተሳለቀበት። የልብ ወዳጁ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሞርተን ፌልድማን፣ ተቆራረጠው። እንዲህ ያለ ነጋዴ እስካሁን አልገጠመኝም።

ሰውየው ራሱ ምክንያቱን ተናግሯል። ዓለም በጦርነት ሲታመስ እቤቱ ቁጭ ብሎ መጽሔት እያነበበ ይበግናል፤ ከዚያ ስቱዲዮ ገብቶ ቀዩን ከሰማያዊው ያስማማል። ይሄ አላስቀምጥ አለው። ደግሞ ክላንን በወጣትነቱ፣ በ1930ዎቹም ሥሎታል። ቆጡም የራሱ ቤት ቆጥ ነበር ማለት ነው።

ሌላው አሜሪካዊ ሰዓሊ፣ ሪቻርድ ዲበንኮርንስ? በ1950ዎቹ አጋማሽ ከአብስትራክት ወደ ሰው ዞረ፤ በ1967 ደግሞ ተመለሰ። ይሄኛው የትኛውን ጣለ? ብዬ ብጠይቅ፣ «ያው ነው፣ የቆጡን...» አለኝ።

የሚያበግነኝ ሥዕሉ አይደለም። ዛሬ ሰው አንዴ ስም ከወጣለት እንደ ሱቅ ታፔላ ተቸንክሮ እንዲቀር እንፈልጋለን። ሐኪሙ ገበሬ ልሁን ቢል አበደ እንላለን። ዘፋኙ ዜማ ቢቀይር የድሮው ይሻል ነበር እንላለን። ትልልቆቹም ያው ናቸው፤ በ2020 አራት ሙዚየሞች የገስተንን ኤግዚቢሽን ለሌላ ጊዜ አስተላለፉት፤ ሕዝቡ በትክክል አይረዳውም ብለው። ለሕዝቡ ማን አስብ አላቸው?

ስንለያይ ወዳጃችን በሩ ላይ ቆሞ ጣቱን እንደገና ቀሰረ። ቀና ብዬ አየሁ። አምፖል ነው ያለው።